ጎርሷል ወይ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። የምነግራችሁ ነገር ደም አለበትና ልቡ የማይችል ተነስቶ ቢሄድ አልቀየምም።

ወንድሜ ሲሞት አንድ ጠመንጃ ትቶ ሞተ። ፈቃዱ በስሙ ስለነበር አብሮት ሞተ ማለት ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ወይ ከልጆቹ አንዱ፣ ሌላው ከፈቀደለት፣ በስሙ ያዞረዋል፤ ወይ ጠመንጃው ለመንግሥት ይገባል። ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ትልቁ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ትንሹ በያጅ። እነዚህን ማስማማት ደግሞ ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው።

"በኩሩ እኔ ነኝ" ይላል ሾፌሩ።

"አባዬን ያስታመምኩት እኔ። አንተ ያኔ የት አገር ጎማ ስትነፋ ነበር?" ይላል በያጁ።

በአፍ ብቻ ቢቀር ምን ነበረበት። አንድ ቀን ሾፌሩ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ሊነጥቅ ሲል፣ በያጁ በመዶሻ እጀታ አፉን አለው። ጥርሱ ከነደሙ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሾፌሩም ወንበር አንስቶ የወንድሙን ጆሮ ግንድ ተረተረው። እናታቸው መሐል ገብታ ክንዷ አበጠ።

በማግስቱ ጠራችኝ። "ማንም አይወስደውም" አለች። "አንዱን ቀብሬ ሌላውን እስር ቤት ስጠይቅ ልኑር እንዴ? ዛሬውኑ አስረክበዋለሁ።" ጠመንጃውን በአንሶላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቀፈችው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከመርፌ ሌላ ብረት አላውቅም። አብሬያት ወደ ፈቃድ መስጫው ቢሮ ሄድኩ።

በሩ ላይ ጥበቃው ሊፈትሸን ይገባ ነበር። ግን ልጆቹ ሰምተው ኖሮ ከኋላችን ደረሱና እዚያው ተናነቁ። ጥበቃው እነሱን ሊገላግል ሲሮጥ እኛ አለፍን። ኋላ ወደ ቢሮው አምጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ ጫፍ አስቀመጣቸው።

ፈቃድ ሰጪው ትሑት ሰው ነበር። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ተቀበላትና፣ መሐረቡን በደም ያራሰውን ሾፌር እያየ፣ "ጎርሷል እማማ?" አላት።

ታውቃላችሁ፣ ጥይት ገብቶለት ለመተኮስ የተዘጋጀ ጠመንጃ ጎርሷል ይባላል። እሷ ግን ዕድሜ ልኳን ሲጎርስ የምታውቀው ሰው ነው።

"ኧረ አልጎረሰም የኔ ልጅ" አለች። "በምን አፉ ይጎርሳል።"

ሰውየው "አልጎረሰም" የምትለዋን ያዘ፤ የቀረውን የልጆቹ ጉርምርምታ ዋጠው። ቁጥር የሚጻፍበት ካርድ ሊያመጣ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

በያጁም ሰምቷል። ብድግ ብሎ ጠመንጃውን ከጠረጴዛው አፈፍ አደረገና ወንድሙ ላይ ደገነው። እየሳቀ ነበር። "በል በኩሩ፣ ከመሄዱ በፊት እስቲ አንዴ እጅ ወደ ላይ።"

"ባዶ ብረት ይዞ ጀግና" አለው ሾፌሩ ጥርሱ በጎደለ አፉ። "ሳበዋ፣ ወንድ ከሆንክ።"

ሳበው።

ጆሮዬ ደነቆረ። ባሩዱ ገለል ሲል ሾፌሩ ከአግዳሚው ተንሸራቶ ወርዷል፤ ከአንገቱ ሥር ደሙ እየፈነጠቀ ግድግዳውን ያጥበዋል። በያጁ ጠመንጃውን ጣለ። "አልጎረሰም ብላለች። እማዬ፣ አልጎረሰም ብለሻል" ይላል ደጋግሞ። ጥበቃዎች ግር ብለው ገቡ። በዱላ እጁን ሲመቱት አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ ከወደቀም በኋላ አልተውትም።

እናትየው መሬት ላይ ናት። በአንድ መዳፏ የሾፌሩን ቁስል ደፍናለች፤ በሌላው የበያጁን ኮሌታ ጨብጣ፣ ዱላው እንዳያገኘው ጀርባዋን ሰጥታለች። ዱላው እሷንም አገኛት።

"እማማ፣ ይልቀቁ" አለ አንዱ ጥበቃ።

"የቱን?" አለችው።

ሾፌሩ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጥበቃው ጎንበስ አለለት፤ እኔም ሰማሁ። "ሳበው ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። ደሙ በጣቶቿ መሐል መምጣቱን እስኪተው ጠበቀች። ከዚያ መዳፏን ከቁስሉ አነሳችና፣ በሁለት እጇ የበያጁን አንገት አቀፈች። ፖሊሶች መጥተው ሊያላቅቋት ታገሉ፤ ሲያቅታቸው ሁለቱን እንደተጣበቁ አንስተው መኪናው ላይ ጫኗቸው። ሟቹ ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ። ዓይኑን ከደንኩለት።