የተነከሰችው ቤዝ

ነጎድጓድ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰው የለም፤ ራሱ አውጥቶ ራሱ ካስለመደ በኋላ «ሕዝብ ነው የሰየመኝ» ብሎ አረፈ። በወጣትነቱ ቤዝ ጊታር ሲመታ የሦስት ሰፈር መስኮት ይረግፍ ነበር። በዓይኑ ያየ ሰው ግን አንድ መስኮት ብቻ ነው የሚያስታውሰው፤ እሱም ቀድሞውንም የተሰነጠቀ ነበር።

አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሥራው ያረጁ ቤዞችን ከየሰዉ ቤት በርካሽ እየገዛ፣ ጠጋግኖ መሸጥ ነው። መግዛቱን ይገዛል፤ መሸጡ ላይ ግን እጁ አይፈታም። ሠላሳ ዘጠኝ ቤዝ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «ለምን አትሸጣቸውም?» ሲባል «ገበያው ለእኔ ዕቃ ገና አልበሰለም» ይላል።

እውነቱ ሌላ ነው። የሚፈልገው አንዲት ቤዝ ነው፤ የሟች ታላቅ ወንድሙን። ወንድሙ በሞተ በሁለተኛው ወር፣ እሱ ያቺን ቤዝ ለማያውቀው መንገደኛ ሸጦ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ገዛባት። ለእናቱ «ተሰረቀች» አላት። ይኸው ሠላሳ ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጠይቃት ሲሄድ የእናቱ የመጀመሪያ ቃል አንድ ነው፦ «ተገኘች?» አሁን ጆሮዋ ከድቷት መልሱን አትሰማም። ጥያቄውን ግን አልተወችም።

ክፍሉ ውስጥ በር ሲዘጋ፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ፣ ሠላሳ ዘጠኙም ቤዞች ባንድ ላይ «እምምም» ይላሉ። የተወጠረ ክር ለድምፅ እንደሚመልስ ማንም የሙያው ሰው ያውቃል፤ ነጎድጓድም ያውቃል። ነገር ግን ስልክ ይዞ ለገዢ ሲዋሽ ያ «እምምም» የሚረዝም ይመስለዋል። ወንድሙ እንዲያ ነበር። ታናሹ ሲጎርር ከንፈሩን ገጥሞ «እምምም» ይል ነበር፤ አይሟገት፣ አይስቅ። ስለዚህ ነጎድጓድ ትልልቁን ውሸት ደረጃ ላይ ወጥቶ መዋሸት ጀመረ።

ቤዟን የሚለይበት ምልክት ነበረው። ልጆች ሳሉ ድምፅ ማጉያ አልነበራቸውም። ወንድሙ የቤዟን ቀንድ፣ ያንን ከላይ ሾጠጥ ብሎ የወጣውን እንጨት፣ ነክሶ መምታት አስተማረው። ያኔ ድምፁ በመንጋጋ አጥንት ገብቶ ራስ ቅል ውስጥ ይፈነዳል። ተራ በተራ ሲነክሱ የሁለቱም ጥርስ እንጨቱ ላይ ታተመ። ወንድሙ ከፊት አንድ ጥርስ ስላልነበረው የእሱ ምልክት መሐሉ ባዶ ነው።

አንድ ሐሙስ ስልኩ ላይ ማስታወቂያ አየ፦ «አሮጌ ቤዝ፣ ሰማያዊ፣ በርካሽ።» ሊያያት ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ፣ የሽቦ ጥቅል እስከ በሩ ድረስ የሞላበት ቤት ነው። ሻጩ ጡረታ የወጣ ኤሌክትሪሺያን ነው።

«አዳራሽ ውስጥ ሽቦ ስዘረጋ ተጥላ አገኘኋት» አለ ሽማግሌው። «ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ነጎድጓድ ዋጋ ማስቀነሻ አለው። የቤዟን አንገት እንደ ተኳሽ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ከዚያ ክፉ ወሬ እንደያዘ ሐኪም ይተነፍሳል።

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎ…»

«ምን ሆነች?»

«አንገቷ ጎብጧል። የማይድን ነው። ስድስት ሺህ አንገት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉብጠት አላጋጠመኝም።»

ይህን ብሎ፣ እንደ ልማዱ ቀንዱን ነከሰ። ጥርሱ ከቀለሙ ሥር ጎድጓዳ አገኘ፤ ልክ በልኩ ገባ። ክው አለ። በምላሱ ወደ ጎን ዳሰሰ። ሌላ ንክሻ አለ፣ መሐሉ ባዶ። ሳያስበው ወፍራሙን ክር ነካው። ራስ ቅሉ ውስጥ፣ ከጆሮው ኋላ፣ አንድ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ «እምምም» አለ።

ቀና ሲል ሽማግሌው ብሎን መፍቻ ይዟል።

«አልሸጥልህም» አለው።

«እንዴት?»

«አርባ ዓመት ሙሉ የተበላሸ ዕቃ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ከክሮቹ ሥር ያሉትን ማግኔቶች አወጣለሁ፣ እንጨቱን ለመደርደሪያ እቆርጠዋለሁ።» የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ።

«ግድ የለም! ጎባጣም ብትሆን እወስዳታለሁ!»

«አዝነህልኝ ነው። ደግ ሰው ነህ።» ሁለተኛውን ፈታ።

«እጠግናታለሁ ጋሼ! እኔ እኮ የሞተ እንጨት አስነስቼ አውቃለሁ!»

«የማይድን ነው ያልከው አንተ ነህ። ስድስት ሺህ አንገት ያየ ሰው ይሳሳታል?»

አፉ ጤፍ የሚቆላው ነጎድጓድ በገዛ ምላሱ ታሰረ። ሦስተኛው ብሎን ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል የሽቦ ጥቅል ላይ ተቀመጠ።

«ዋሽቼዎታለሁ» አለ። «አንገቷ ቀጥ ያለ ነው። ስድስት ሺህም አላየሁም፤ ሃምሳ ቢሆን ነው።» ከዚያ የወንድሙን፣ የጃኬቱን፣ የቅዳሜውን ጥያቄ ነገረው። አንድም ነገር አልጨመረበትም፤ ታሪኩ ሲያጥርበት ራሱም ገረመው።

ሽማግሌው ረጅም የብረት ማስመሪያ አንገቷ ላይ አስተኝቶ አየ። በመሐላቸው ብርሃን እንኳ አልሾለከም።

«አንዴ ዋሽተሃል፤ በወሬ አላምንህም። ንከስ።»

ነከሰ። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ጥርሱን ከእንጨቱ አስተያየ።

«ይሄ ያንተ ነው። ይኸኛውስ?»

«የወንድሜ።»

ሽማግሌው ብሎኖቹን አንድ በአንድ መለሰ። ነጎድጓድም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራውን ዋጋ ሳይከራከር ከፈለ።

በቀጥታ ወደ እናቱ ሄደ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ ጭኗ ላይ ያስቀመጠላትን ቤዝ በመዳፏ ዳሰሰች፤ ጣቶቿ ቀንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ተገኘች?»

ነጎድጓድ የቤዟን ራስ እናቱ ጉንጭ ላይ አስደግፎ ክሩን መታ። አሮጊቷ ደነገጠች።

«ሰማሁ» አለች። «ልጄ፣ ሰማሁ እኮ! ማን ነበር የሰረቃት?»

«እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ሰማ፤ እሷ ግን አልሰማችም። አፍ አፉን እያየች ትጠብቃለች። ራሱን ነቅንቆ «አልታወቀም» ቢላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ማምለጫ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሠልጥኗል።

ተንበርክኮ ቀንዱን የድሮ ንክሻው ላይ ነከሰ። ጥርሱን እንደገጠመ፣ በእንጨቱ ውስጥ፣ «እኔ ነኝ እማ። ሸጬያት ነበር» አለ።

ቃሉ በቤዟ አንገት በኩል ወደ እናቱ ጉንጭ ሲሄድ ጥርሱ ሥር ተሰማው። እናቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቡናማው ጃኬት» አለች በመጨረሻ። «ለብሰኸው የመጣህ ቀን ነው መጠየቅ የጀመርኩት።»

ነጎድጓድ አፉን ከእንጨቱ አላቀቀ። እጁ ክሩን ለቋል፣ መንገዱ ላይም መኪና የለም። ወፍራሙ ክር ግን አሁንም «እምምም» ይላል። ሊያቆመው መዳፉን ዘረጋ።

እናቱ እጁን ያዘችው። «ተወው» አለች፣ ጉንጯን ከእንጨቱ ሳታነሣ። «እስኪጨርስ ተወው።»