የቀኝ ክንፉ ሥር

ደብረ ታቦር ውስጥ ኢሱዙህን ቀለም ማስቀባት ካማረህ ሙላቴ ጋ ትመጣለህ። ይህን የምልህ እኔው ሙላቴ ነኝ፤ ጉራ ከመሰለህም ይምሰልህ። ሃያ ስድስት ዓመት ቀብቻለሁ። ከገሳይ እስከ እብናት የእኔን እጅ የማያውቅ ሹፌር የለም።

ልጄ ሠናይት አሥረኛ ክፍል ናት። ለተማሪዎች የፈጠራ ውድድር ብላ ከዋንዛ እንጨት አውሮፕላን ሠራች። ጎማው ይሽከረከራል፤ ከጭራው ያለችውን ገመድ ስትስባት የክንፎቹ ጠርዝ ከፍ ዝቅ ይላል። አንደኛ የወጣ ባሕር ዳር ሄዶ ይወዳደራል። ልጅቱ ከመስከረም ጀምሮ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

የቀረው ቀለሙ ብቻ ነበር። ነጭ ስፕሬይ በቆርቆሮ ገዝታ መጣች። "ለዚህማ አባትሽ አለልሽ" አልኳት። ጠዋት ጠዋት ብርድ ስለሆነ ቅዳሜ ፀሐይ እስክትበረታ ጠበቅሁና፣ አውሮፕላኑን ግቢው መሐል አድርጌ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብዬ ረጨሁት። "የኢሱዙ በር የሚቀባው እንዲህ ነው፤ ተመልከቺ" እያልኩ።

ሲደርቅ በእጇ ዳበሰችው። እኔም ዳበስኩት። ብርጭቆ ወረቀት በለው፤ እጅ ይቧጥጣል።

"ቀለሙ የማይረባ ነው" አልኩ።

"አባዬ፣ አይቆጡኝና፣ ሌላ ምክንያት ቢኖረውስ?"

"ደግሞ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?" ብዬ ጥያት ወጣሁ። ውድድሩ አምስት ቀን ነው የቀረው። የልጄን የወራት ድካም ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ሆዴ ያውቃል፤ አፌ ግን እሺ አላለኝም።

ሰኞ ከጋራዥ ስመለስ ማገዶ ቤቱ ውስጥ አገኘኋት። አራት የድልህ ጣሳዎች ደርድራለች። በየጣሳው ላይ ጽፋበታለች፤ ክንድ በፀሐይ፣ ክንድ በጥላ፣ ስንዝር በፀሐይ፣ ስንዝር በጥላ። ጽሑፉን ሳላይ ዓይኔን ጨፍኜ ዳበስኳቸው። አንዱ እንደ አውሮፕላኑ ይቧጥጣል። አንዱ ደግሞ እንቁላል ነው። ዓይኔን ስገልጥ የሚቧጥጠው ክንድ በፀሐይ የሚለው፣ የለሰለሰው ስንዝር በጥላ የሚለው ሆኖ አገኘሁት።

"የጋራዡ ኮምፕሬሰር ቀለሙን ገፍቶ ያደርሰዋል" አለች መሬት መሬት እያየች። "ይቺ ቆርቆሮ ግን አቅም የላትም። ከሩቅ ሲረጩት በፀሐይና በነፋሱ መንገድ ላይ ይደርቅና ዱቄት ሆኖ ነው የሚያርፈው።"

አንጀቴን በላችው። "በይ ቀጥዪ፤ ማን ከለከለሽ" አልኳት።

ሻካራውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ አወረደችው። አቧራ እንዳይነሣ ወለሉ ላይ ውሃ ረጨች። ብርዱ ቆርቆሮውን እንዳያደክመው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆየችው። ከዚያ በስንዝር ርቀት፣ ስስ ስስ አድርጋ ሦስት ጊዜ ቀባችው። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የቀኝ ክንፉን ሥር ብቻ ሳትነካ ተወችው።

"ይቺስ?"

"ማወዳደሪያ ትሁነኝ ብዬ ነው።"

"ሰው ቢያየውስ?"

"ማን ይገለብጠዋል፣ አባዬ?"

ሐሙስ ዕለት ዳኛው መምህር ተስፋነህ አውሮፕላኑን ዞረው ዞረው አዩት። "ሥራው ግሩም ነው" አሉ። "ደንቡ ግን ተማሪው ራሱ የሠራውን ነው የሚለው። ይህን የቀቡት ጋሽ ሙላቴ ናቸው። የእሳቸውን እጅ ከተማው ያውቀዋል፤ ከውድድሩ መውጣቱ ነው።"

ሠናይት አውሮፕላኑን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየች። ክንፉን ገልበጥ ብታደርገው አለቀ። አላደረገችውም። ዞር ስል ከኋላዬ ሁለት ኢሱዙ ያለው ደንበኛዬ ገብረ ማርያምና ውድድሩን ሊያዩ የመጡ የከተማው ሹፌሮች ቆመዋል። ለምን ዝም እንዳለች ያን ጊዜ ገባኝ። አባቷን በሰው ፊት ከምታዋርድ ባሕር ዳር ቢቀርባት መርጣለች።

ሄጄ አውሮፕላኑን ገለበጥኩት።

"መምህር፣ እስቲ እዚህ ጋ ይዳብሱት። ሙላቴ የቀባው ይኼ ነው። የላዩ የእሷ ነው።"

መምህሩ ዳበሱት፤ ደግመው ዳበሱት። ከኋላዬ ሳቅ ተነሣ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ቀለም ያን ዕለት የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

"በይ ሠናይት፣ ጣሳዎቹን አሳዪያቸው" አልኳት። አራቱን ጣሳዎች ከቦርሳዋ አውጥታ እያስዳበሰች ስንዝርና ክንዱን አስረዳቻቸው። ማታውኑ አንደኛ መውጣቷ ተነገረ።

በሳምንቱ ገብረ ማርያም ጋራዥ መጣ። "ሙላቴ፣ ያንተ ይቅርብኝ፤ መኪናዬን ልጅህ ትቅባልኝ" አለኝ ሊያበሽቀኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተናድጄ የመኪናውን ቁልፍ መልሼ እወረውርለት ነበር።

"ባሕር ዳር ናት" አልኩት። "ስትመለስ እጠይቅልሃለሁ። እስከዚያው ወረፋ ያዝ።"