ቆመው የሞቱት በርቾች

ሂልካ ባልዲዋን በእንጆሪ ሞልታ ቀና ባለች ጊዜ ረግረጉ ጠፍቶ ነበር። ከአፍታ በፊት በስተምሥራቅ ይታይ የነበረው በጥድ የተሸፈነ ጉብታ፣ ከዚያም ወዲያ መኪናቸውን ያቆሙበት መንገድ፣ ሁሉም በነጭ ጉም ተውጦ፣ ለዐይኗ የቀሩላት የገዛ ቦት ጫማዋና ውሃ የጠገበው የረግረግ ምንጣፍ ብቻ ነበሩ። ከወዲያ ማዶ የታናሽ እኅቷ የኢርያ ሳል ተሰማ።

«ኢርያ! ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ፤ እኔው እመጣለሁ።»

«ወዴት ልነቃነቅ እትዬ? አፍንጫዬን እንኳ በዳበሳ ነው ያገኘሁት።»

ሂልካ ድምፁን ተከትላ ደረሰችና እጇን ያዘች። የኢርያ እጅ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ኢርያ በጸደይ የሳንባ ምች ጥሏት፣ ከሞት አፋፍ የተመለሰች ሰው ናት፤ ሐኪሟ ከብርድና ከእርጥበት እንድትጠበቅ አጥብቆ አስጠንቅቋታል። ቢጫው የረግረግ እንጆሪ ደርሷል፣ የትውልድ አገራችን የካይኑ አየር ከማንኛውም መድኃኒት ይሻልሻል ብላ ከከተማ ያስመጣቻት ሂልካ ራሷ ነበረች። በዚህ ረግረግ ስልክ አይሠራም። ብርዱ ከመበርታቱ በፊት እኅቷን ወደ ደረቅ መሬት ካላወጣቻት፣ ያቺ የተጎዳች ሳንባ አንድ ሌሊት እንኳ እንደማትችል ታውቃለች።

«አባዬ ያስተማረንን ረሳሽው?» አለች ሂልካ፣ ድምፅዋን እንደ ልማዷ አጽንታ። «ብርማው በርች ውሃ ጠል ዛፍ ነው። እሱ የበቀለበት መሬት ደረቅ ነው። እሱን ይዘን እንሄዳለን።»

«በዚህ ጉም ብርማውን ከጸጉራሙ ማን ሊለይልሽ?»

«ጣቴ።»

አባታቸው በልጅነታቸው ዐይናቸውን በሻሽ አስሮ ቀንበጥ ያስዳብሳቸው ነበር። የብርማው በርች ቀንበጥ በጥቃቅን ኪንታሮት የተሞላ፣ እንደ ድመት ምላስ የሚሻክር ነው። በውሃማ ስፍራ የሚበቅለው የጸጉራሙ በርች ቀንበጥ ደግሞ እንደ ጥጃ ጆሮ ይለሰልሳል። የሳተ ልጅ እራቱን በመጨረሻ ይበላል። ሂልካ ስታ አታውቅም ነበር።

ጥቂት እንደ ሄዱ አንድ ነጭ ግንድ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ሂልካ ወደ ታች የተንዠረገገውን ቀንበጥ ያዘች። ሻካራ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ግንዶቹ ቀጥ ባለ መስመር ተሰልፈው ይጠብቋቸው ነበር።

«እዩልኝማ! እንደ ሐኪም የዛፍ እጅ እየጨበጠች የምትመራ!» አለች ኢርያ ሳሏን እየዋጠች።

«ሳቂ፣ ሳቂ። እራትሽን በመጨረሻ ስትበዪ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

ይሁን እንጂ ሂልካን አንድ ነገር ቅር ይላት ጀመር። ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻለችም። አንድ ነገር ጎድሏል። መሬቱም ከእግራቸው በታች እንደ ረጋ እርጎ መንቀጥቀጥ ይዟል፤ አንድ ቦታ ሲረግጡ ሌላው ያብጣል። ቀንበጡን ደግማ ዳበሰች። ሻካራ። ልቧን አጽንታ ቀጠለች፤ የአባቷ ትምህርት ከእግሯ ይልቅ የታመነ ነበርና።

«ደከመኝ እትዬ፤ እዚህ ትንሽ ልደገፍ» ብላ ኢርያ ወደሚቀጥለው ግንድ ቀደመች፤ መዳፏንም አሳረፈችበት።

እጇ ወደ ውስጥ ገባ። ግንዱ እንደ ራሰ ዳቦ ሟሽሾ ተደረመሰ፣ ነጭ ቅርፊቱም እንደ ባዶ እጅጌ ታጠፈ፤ ኢርያም ጩኸት ሳታሰማ እስከ ደረቷ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ገባች።

በዚያች ቅጽበት ሂልካ የጎደለውን ነገር ዐወቀችው። ቅጠል ነው። በነሐሴ፣ በዚህ ሁሉ በርች ላይ፣ አንዲት ቅጠል አልነበረችም፤ አናታቸውን ጉሙ ሸፍኖት ኖሯል። አባቷ በሕይወት ሳለ ረግረጉ በቦይ ተጠንፍፎ፣ በቦዮቹ ዳርና ዳር በተቆለለው ደረቅ አፈር ላይ ብርማ በርቾች በተርታ በቅለው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ረግረጉ ወደ ጥንት መልኩ ይመለስ ተብሎ ቦዮቹ ተደፈኑ፤ በመንደሩ ስብሰባ ሂልካም እጇን አውጥታ ደግፋለች። ውሃው ተመለሰ፤ የበርቾቹ ሥር ታፍኖ ሞተ። ቀንበጡ ከሞተም በኋላ ሻካራ ነው። ቅርፊቱም አይበሰብስም፤ ውስጡ አልቆ እንኳ ነጭ ሆኖ ይቆማል። በጭፍን እየዳበሰች እኅቷን የመራቻት በጭቃ በተሞላው ቦይ አፍ ላይ ነበር።

«እትዬ» አለች ኢርያ፣ በሹክሹክታ። «ታች የለም። እግሬ ታች አላገኘም።»

«አትወራጪ። እጅሽን ዘርግተሽ ዝም በዪ።»

ሂልካ አንድ እርምጃ ብትጨምር ሁለቱም እንደሚሰምጡ ገባት። ቢላዋዋን መዘዘች። በአጠገቧ የቆመውን የሞተ ግንድ ቅርፊት ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችውና እንደ ካፖርት ገፈፈችው፤ የበሰበሰው እንጨት በእግሯ ሥር ተዘረገፈ። ሌላም ገፈፈች። ሰፋፊውን ልጥ በጭቃው ላይ አንጥፋ፣ በሆዷ ተኝታ ተሳበች። ልጡ እየተንሿሿ ጎበጠ፤ ውሃ በዳር በዳሩ ገባ። ጣቷ የኢርያን አንገት ልብስ ነካ፤ ከዚያ ብብቷን ያዘች። ጭቃው እንደ ሕያው ፍጥረት አልለቅም አለ። ሂልካ ድምፅዋን ሳታሰማ አለቀሰች፤ ሳበች፤ ደግማ ሳበች። በመጨረሻ ኢርያ ቦት ጫማዎቿን ለጭቃው ትታ ወጣች።

«አሁን ወዴት ነው?» ጥርሷ ይንገጫገጫል።

ሂልካ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አዳመጠች። በስተግራ፣ በጉሙ ውስጥ፣ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ነበር። ጉም የሚያንጠባጥብ ቅጠል ያለው ዛፍ፣ ሕያው ዛፍ ነው።

«ወደዚያ።»

«እዚያ እኮ የጸጉራሙ ቦታ ነው! ውሃማው ነው! አባዬ…»

«አባዬ የሞተው ውሃው ሳይመለስ ነው፤ ነይ።»

ልጡን በተራ እያነጠፉ በእንብርክክ ሄዱ። በየእርምጃው ሂልካ በዕድሜዋ ሁሉ አትርገጪ በተባለችበት ላይ ትረግጥ ነበር። ለስላሳው ቀንበጥ መዳፏን ሲነካት፣ እርጥብ ቅጠሉ ፊቷን ሲያብሳት፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ነገር ግን አልሰመጠም። የሕያዋኑ ሥሮች እርስ በርስ ተጠላልፈው እንደ መረብ ይዘውት ነበር። ከአንዱ ዛፍ ወደ አንዱ እየተንጠላጠሉ የጥዱ ጉብታ ላይ ደረሱ።

ሂልካ የቀራትን ልጥ በክብሪት አያያዘችው፤ እርጥብ ሳለ በጥቁር ጢስ ተቀጣጠለ። የኢርያን እርጥብ ልብስ ገፍፋ በራሷ ሹራብ ጠቀለለቻት፤ ጀርባዋን ታሽላት ጀመር።

በኋላ ነፋስ መጣ። ጉሙ እንደ መጋረጃ ሲገለጥ፣ የተከተሉት የበርች ሰልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታየ፤ አናታቸው የተቆረጠ፣ አንዲት ቅጠል የሌላቸው ነጫጭ ግንዶች፣ ቀጥ ብለው ወደ ረግረጉ መካከል ወርደው፣ መጨረሻቸው አንድ ጥቁር ኩሬ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«አትመልከቺ» አለች ሂልካ፣ የእኅቷን ፊት ወደ እሳቱ እየመለሰች። ራሷ ግን ዐይኗን ከዚያ መንቀል አልቻለችም።