ስፔኩላቶሩ

በዳኑብ ወንዝ ዳር፣ ከሮማውያን ጦር ሰፈር በር ፊት ለፊት፣ ቴርቱላ የወይን ጠጅ ቤት ነበራት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማታውቀው ሰው ገብቶ ምስር አዘዘ።

"ካቱስን ፈልጌ ነበር" አላት።

"ባሌን? በምን ጉዳይ?"

"ስፔኩላቶር ነኝ።" ይህን ብሎ ምስሩን መብላት ጀመረ።

ቃሉን ታውቀዋለች። ድሮ ማማ ላይ ቆሞ ጠላትን የሚቃኝ፣ ኋላም መልእክት ይዞ የሚጋልብ ወታደር ይጠራበት ነበር። አሁን አሁን ግን ሞት የተፈረደበትን ሰው አንገት የሚቀላውም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። በሰፈሩ ወታደር የሆነው ካቱስ ደግሞ ሰሞኑን ከአዛዡ ጋር ተጣልቷል።

በጓሮ በር ወጥታ የወታደር ልጆችን ወደሚያስተምሩት ወደ ሽማግሌው ሄርሚያስ ሮጠች።

"መምህር፣ ስፔኩላቶር ሲባል ዛሬ ምን ማለት ነው?"

ሽማግሌውን ደስ አላቸው። "ቃሉ የወጣበት የላቲን ግስ ጉደኛ ነው ልጄ። መልኩ የተደራጊ ነው፤ 'ታየ' የሚል ይመስላል። ትርጉሙ ግን የአድራጊ ነው፤ የሚያየው እሱ ነው።"

"እኔ ስለ ሰይፉ ስጠይቅዎ ስለ ግስ ያወሩኛል?"

"ሰይፉን እንግዲህ ሰዋስው አይነግርሽም።"

ስትመለስ ጠጪው ሁሉ እንግዳው ላይ አፍጥጧል። እሱ ከሳህኑ ቀና አላለም። የሽማግሌው ነገር ያን ጊዜ ገባት፤ የሚታይ ቢመስልም የሚያየው እሱ ነው፤ በየትኛው በር እንደወጣች ሳያውቅ አልቀረም።

"ካቱስ ባለፈው ክረምት በንዳድ ሞቷል" አለችው።

"አፈሩ ይቅለለው" አለ ሰውየው እያኘከ። "ትናንት ከሰፈሩ ማማ ሥር አብረን ራት በልተናል። እዚህ ጠብቀኝ ያለኝም እሱ ነው።"

ፊቷ ጋለ። ወዲያው ካቱስ ገብቶ ሰውየውን አቀፈው።

"ከአዛዡ ጋር ታርቄያለሁ" አላት። "እኔንም ስፔኩላቶር አድርጎኛል። ጓዛችንን አሰናጂ፣ ከተማ ልንገባ ነው።"

"ከሦስቱ ሥራ የትኛውን ነው የሰጡህ?"

ካቱስ ከመመለሱ በፊት እንግዳውን አየት አደረገው። "ያዘዙኝን ነዋ። ምን ያደርግልሻል?"

የሱን ልብስ ብቻ ጠቀለለችለት። ቤቱን የምትተውለት ሰው እንደሌላት ነገረችው፤ አልተከራከራትም።

ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ እየመጣ ይጠይቃት ነበር። ትቀበለዋለች፣ ታበላዋለች። ምን ሲሠራ ሰንብቶ እንደመጣ ግን ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም ነግሯት አያውቅም።