የሃላ መደብ

"ጎትት እንጂ! ገመድ ይዘህ ትቆዝማለህ እንዴ?" አሉ ኡርሆ፣ እስከ ጉልበታቸው ረግረጉ ውስጥ ሰምጠው።

"እየጎተትኩ ነው እኮ አባባ! ይሄ አጋዘን ነው ወይስ ተራራ?" አለ የልጃቸው ባል ቬሳ። ላቡ ካፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

"እዚያ ማዶ ሳለ ተኩስ ማን አለህ? ወደ መንገዱ ቀረብ እስኪል ብትጠብቀው ምን ነበረበት? ስንቴ ልንገርህ፤ ጎትተህ የማታወጣውን አትተኩስ!"

ይህቺ አባባል የኡርሆ ሃይማኖት ናት። የመንደሩ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። አንዱ ጀልባ ልገዛ ነው ካለ ያቺኑ ይሉታል፤ የአዳኞች ማኅበሩ አዲስ ማቀዝቀዣ እናስገባ ካለም ያቺኑ። "ጫካ ዱቤ አይሰጥም" ይላሉ ደግሞ። ክብሪት ረስተህ ከወጣህ ይበርድሃል፣ ደረቅ ካልሲ ካልያዝክ ረጥበህ ትውላለህ፣ ነገ እከፍላለሁ ብሎ ነገር የለም። አንድ ቢላ፣ አንድ ቁራሽ የአጃ ዳቦና መቀመጫ ጉቶ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት መዋል ይችላል፤ ካልቻለ ጥፋቱ የራሱ እንጂ የደመወዙ አይደለም ባይ ናቸው። እውነትም ሰውየው በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው ጨው እንኳ በዱቤ ገዝተው አያውቁም። መሰላል ከጎረቤት አይዋሱም። ባለቤታቸው ሄልቪ ካረፉ ወዲህ ልጃቸው ታሩ "ሱቅ ላድርስህ አባዬ" ስትላቸው "መኪና አለኝ" ብለው አሮጌዋን ቮልቮ አስነስተው ውልቅ ነው። ሰው ማስቸገር ለእሳቸው ከሞት አይሻልም።

ታዲያ ንፉግ እንዳይመስሏችሁ። ከያዙት ዳቦ ግማሹ ሁልጊዜ የሰው ነው። ዛሬም ግማሹ ለሃላ ደረሳት። ሃላ የቬሳ ግራጫ ውሻ ናት፣ ጅራቷ ወደ ጀርባዋ የተጠቀለለ፣ ጆሮዋ የቆመ። ጠዋት አጋዘኑን ብቻዋን እየጮኸች አንድ ቦታ አቁማ የያዘችው እሷ ናት። በአካባቢው እንደሷ ያለ ውሻ የለም፤ ይህን የሚመሰክሩት ደግሞ ውሻ ያላቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

ግንድ ላይ ተቀምጠው ቡና ከፔርሙስ ቀዱ። ቬሳ ስኒውን ያዟዙራል እንጂ አይጠጣም።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። እንዳይቆጡኝ።"

"እንግዲያው የሚያስቆጣ ነዋ።"

"ሃላን ልሸጣት ነው። ገዢው ዛሬ ከኦሉ ከተማ ይመጣል። ሥጋው ሲከፋፈል ይደርሳል።"

ኡርሆ ስኒያቸውን ግንዱ ላይ አስቀመጡ። ውሻዋ የስሟን መጠራት ሰምታ ጅራቷን ወዘወዘች፤ ምን ታውቃለች!

"ለዚያ በዱቤ ለገዛኸው ፒካፕ ነው?"

"ለዚያ ፒካፕ ነው። ክፍያው ከታሰበው በላይ ሆነብኝ። ታሩም የሥራ ሰዓቷን ቀነሱባት።"

"ታሩ ታውቃለች?"

"ታውቃለች። ስታለቅስ ነው ያደረችው። እኔማ ወንድ ነኝ ብዬ ጋራዥ ገብቼ አለቀስኩ።"

"ታዲያ መኪናውን አትመልስላቸውም፣ አንተ ቂል!"

"ይቀበሉኛል፣ ዕዳውም ይዘጋል። ግን የምሠራበት እንጨት መሰንጠቂያ አርባ ኪሎሜትር ነው፤ አውቶቡስ የለ። በምን ልሂድ? ሃላን ጋልቤ? መኪና ከሌለኝ ሥራ የለኝም፣ ሥራ ከሌለኝ ደግሞ ሁሉም የለም። ውሻ ሳይኖረው የሚኖር ሰው አለ።"

"እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር አላልኩህም?"

"ብለውኛል። በሠርጌ ቀን ተነስተው ያደረጉት ንግግር እሷ ብቻ ነበረች፤ ብለው ተቀመጡ።"

ኡርሆ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል በሳል ሸፈኑት። ከዚያ ፊታቸው ጨለመ። "ገንዘብ ላበድርህ አልልም" አሉ። "ዋስም አልሆንህም። ወንድሜ ለጓደኛው ዋስ ሆኖ ፈርሞ፣ ቤቱ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"እኔ መቼ ጠየቅኩ?" አለ ቬሳ ቀስ ብሎ፣ ገመዱንም አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ።

ቢጠይቃቸው ኖሮ እምቢ ብለው ይገላገሉ ነበር። አለመጠየቁ ነው አንጀታቸውን የበላው። የቀረውን መንገድ፣ የማኅበሩ አባል የፔንቲ ትራክተር እስከቆመበት ድረስ፣ አጋዘኑን አብረው ጎተቱ።

በማኅበሩ ማረጃ ቤት ሥጋው ተቆራርጦ፣ ተመዝኖ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ መደብ መደብ ሆኖ ተደረደረ። ዕጣ የሚያወጡት ሁልጊዜ ኡርሆ ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቆማሉ። አይላ የምትባል ወፍራም፣ ቀልደኛ ሴት አንዱን መደብ በጣቷ እየነካች "የማን ይሁን?" ትላለች፤ እሳቸው ሳያዩ ስም ይጠራሉ። አለቀ። ማንም ትልቁ ደረሰው፣ ትንሹ ደረሰው ብሎ አያጉረመርምም። የመጨረሻው መደብ ሳይጠራ ግን ዕጣ አውጪው አይዞርም። ከዞረ ዕጣው ፈረሰ። ኡርሆ ይህን ሥራ ከያዙ ጀምሮ ዞረው አያውቁም፤ አንድ ጊዜ የንብ መንጋ ገብቶ እንኳ አልዞሩም ይባላል።

አጋዘኑን የያዘችው ውሻም እንደ ሰው መደብ አላት። ስሟ ሲጠራ ባለቤቷ በእሷ ፈንታ እንደ ውሻ ይጮኻል፤ ልማዱ ነው። ቬሳ ሲጮህ ደግሞ ለጉድ ነው፣ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ገዢው በሩ ላይ ቆሟል። ሄንሪክ ይባላል፤ ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነው፣ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዟል። ሃላ የቬሳ እግር ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች።

"የማን ይሁን?"

"የፔንቲ።"

"የማን ይሁን?"

"ያንቺው የአይላ፤ ትልቁን ነክተሽ ከሆነ አላውቅም።"

"ቅናታም! የማን ይሁን?"

"የሃላ" አሉ ኡርሆ።

ጩኸት የለም። ኡርሆ የግድግዳውን እንጨት ቋጠሮ እያዩ ጠበቁ። ከኋላቸው አንድ ሰው ሳቅ ጀምሮ ተወው። የሃላ ጥፍሮች ሲሚንቶው ላይ ቧጨር ቧጨር ሲሉ ብቻ ይሰማል።

"ቬሳ፣ ምን ሆንክ? ጩህ እንጂ!" አለች አይላ።

"ለእንግዳው ስጡት" አለ ቬሳ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለ። "ይዟት ሊሄድ ነው።"

ኡርሆ ዞሩ።

"ኧረ በእግዜር ኡርሆ!" አይላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አምስት መደብ ቀርቶን እኮ ነው! ዕጣው ፈረሰ!"

"ይፍረስ።"

ቬሳ ተንበርክኮ የውሻዋን ጆሮ በሁለት ጣቱ ያሻሻል፤ ያን የሚያክል ጎልማሳ፣ ፊቱን ከሰው ለመደበቅ በአንገቷ ጠጉር ውስጥ ቀብሮታል። ኡርሆ ሲያዩት አንድ ነገር ልባቸው ውስጥ ተሰበረ። ይህን ልጅ ይወዱታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲቆጡት የኖሩት ስለሚወዱት ነው፤ ለማንም ግን አልተናገሩም፣ ለእሱም ጭምር። ኪሳቸውን ዳበሱና ቁልፍ አወጡ።

"ያዝ። ሰኞ ፒካፑን መልስ። በቮልቮዋ ሥራህ ሂድ።"

"አባባ..."

"ብድር አይደለም። ብድር አልወድም። ያንተ ናት።"

"እርስዎስ? ሱቁ ሩቅ ነው፣ ክሊኒኩ ሩቅ ነው..."

ኡርሆ ይህን አላሰቡበትም። ስለዚህ ወደ ሄንሪክ ዞሩ። "ይቅርታ ወንድሜ፣ ነዳጅህን በከንቱ አቃጠልክ። ልጁም ቃሉን ቢያጥፍ በእኔ ምክንያት ነው። የእኔን መደብ ይዘህ ሂድ።"

ሄንሪክ ሃላን አየ፣ ቬሳን አየ፣ ሳቅም አለ። "ከምር ልንገራችሁ? ስገባ እንዳየችኝ ፊቷን አዞረችብኝ። እስከ ኦሉ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲያ ብታደርገኝ እኔ ራሴ ከመንገድ መልሼ አመጣት ነበር። ሥጋውን ግን አልጠላም።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አይላ እያጉረመረመች መደቦቹን አደባልቃ እንደገና ደረደረች፤ ኡርሆም እንደገና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሲወጡ በረዶ መውረድ ጀምሯል። ቮልቮዋ ዛፍ ሥር ቆማለች። ኡርሆ እንደ ልማዳቸው ወደ ሾፌሩ በር ሄደው እጀታውን ከያዙ በኋላ ነው ትዝ ያላቸው። በእግራቸው ለመሄድ መንገዱን አዩት። ቅርብ ነበር፤ ከዚህ የባሰም ሄደዋል። ቬሳ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ያያቸዋል።

ኡርሆ በመኪናው ፊት ዞረው ሌላኛውን በር ከፈቱ። የሄልቪ ወንበር ነው፤ ተቀምጠውበት አያውቁም። መኪናዋ ከዚያ በኩል የሌላ ሰው መሰለቻቸው።

"ሐሙስ ሐሙስ ሱቅ እሄዳለሁ" አሉ ወደ መስታወቱ እያዩ።

"አውቃለሁ።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እና... ታደርሰኛለህ?"

ቬሳ ሞተሩን ማስነሳቱን ተወና ወደ እሳቸው ዞረ። ኡርሆ ግን መስታወቱን ማየታቸውን አልተዉም፤ ጆሯቸው ቀልቷል።

"አደርስዎታለሁ አባባ" አለ። "አሁን ቀበቶዎን ይሰሩ።"

ኡርሆ ቀበቶውን ስበው አሰሩ።