ጥምዝ መስመር

በያጁ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠው ሰነፍ ስለነበር አይደለም። እንደዚያ የሚሉ ሰዎች የእንግሊዝኛ መምህሩን አያውቁትም። ሰውየው ሰሌዳው ላይ አረፍተ ነገር ጽፎ፣ ያኔ ልጅ የነበረውን በያጅ ከወንበሩ አስነስቶ፣ «የንግግር ክፍሎቹን ለይ» አለው። ልጁ ስሙን ለየ፣ ግሱን ለየ፣ ቅጽሉን ሳይቀር ለየ። ተውሳከ ግሱ ግን ጠፋው። መምህሩ ጠመኔውን ነጥቆ ቃሏ ስር እንደ እባብ የተጥመለመለ መስመር አሰመረና፣ «ያንተ ጭንቅላት ለሸክም ነው የተፈጠረው» አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ተውሳክ» ሆኖ ቀረ። ደብተሩን ጥሎ ወጣ፤ ቂሙን ግን አልጣለም።

አሁን የራሱ የብየዳ ቤት አለው፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅም አለችው። የእንግሊዝኛውን ፈተና ካለፈች በነጻ የሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች። ካላለፈች እዚያው ብረትና ጭስ ውስጥ ናት። ያ መምህር ደግሞ ጡረታ ወጥቶ፣ እዚያው ሰፈር ቤቱ ውስጥ ልጆች በነጻ ያስጠናል። የበያጁ ሚስት ይህን ብታነሳበት ጊዜ፣

«እኔ በቁሜ? እኔው አስተምራታለሁ!» ብሎ አፏን አስያዛት።

አስተማረም። ላሜራ ላይ በጠመኔ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ልጅቱ ታሰምራለች። «በ‘ሊ’ ያለቀውን ሁሉ ተውሳከ ግስ ብለሽ ያዢ፣ አያመልጥሽም» ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱም በዳበሳ ነበር የሚሄዱት። ኋላ ግን ልጅቱ መሳት አቆመች። የአባት ደረት ተነፋ።

አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ልጅ በሩን ቀስ ብሎ እንደዘጋ የሚናገር አረፍተ ነገር አባቷ ጻፈላት። ስሙን በአንድ መስመር፣ ግሱን በሁለት መስመር አሰመረች። «ስሎውሊ» የምትለዋ ቃል ስር ስትደርስ ጠመኔው ተጥመለመለ።

በያጁ ክው አለ። እንዲህ አሰምሪ ብሏት አያውቅም።

«ማነው እንዲህ ያሳየሽ?»

«እንዲሁ ነው...»

«እሱ ጋ ትሄጃለሽ!»

«አባዬ፣ ሁሉም እኮ ይሄዳል። ጋሼ ጎበዝ ነሽ ብለውኛል።»

«ጋሼ! ጋሼሽ ሆነልሽ ደግሞ!»

ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ እጇን አፈፍ አድርጎ መንገዱን አሻገራት። የመምህሩ ሳሎን አግዳሚ ላይ በተደረደሩ ልጆች ሞልቷል። ሽማግሌው ጋቢውን ተከናንቦ መሀላቸው ተቀምጧል።

«አስታወስከኝ?» አለ በያጁ።

ሽማግሌው መነጽሩን ገፋ አደረገ። «ማን ልበል፣ ልጄ?»

«ተውሳክ ነኛ!»

ልጆቹ ተንጫጩ። ሽማግሌው አሰበ፣ አሰበና ሽርጡን አይቶ፣ «ይቅርታ፣ ስንቱን ላስታውስ?» አለ። «በሩን ልትሠራልን ከሆነ ማጠፊያው ነው የተሰበረው።»

ይህን ሁሉ ዓመት ሆዱ ውስጥ ያሳደገው ሰው፣ እሱን አንድ ሌሊት እንኳ አላሳደረውም! ንዴቱ የሚያርፍበት ሲያጣ ልጅቱ ላይ አረፈ።

«ይቺ ደደብ ምን ይገባታል ብለህ ነው የምትደክመው? ከእንግዲህ እዚህ ደጅ አትደርስም!»

አንዱ ልጅ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ልጅቱ አላለቀሰችም። እጇን እንኳ ለማስለቀቅ አልታገለችም።

የፈተናው ቀን ጠዋት በያጁ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ አልጋዋ ጋ ሄደ። ልጅቱ የአባቷን የሥራ ካፖርት ለብሳ ቁጭ ብላለች።

«ተነሺ የኔ እናት፣ እኔው አደርስሻለሁ።»

«አልሄድም።»

«በንዴት የተናገርኩትን ነው የያዝሽው? አፌን ይቁረጠው።»

«ሁሉም ሰምተዋል።»

እናት ለመነቻት፣ ጎረቤት ለመናት። ሽማግሌው ሳይቀር ልጅ ልኮ አስለመናት። ወይ ፍንክች! ይህን ግትርነት ከየት አመጣችው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

የፈተናው ሰዓት አለፈ። በያጁ ሸሚዙን ቀይሮ ወደ ሥራው ወጣ። ልጅቱ ቀድማው የሚበየደውን ብረት በሁለት እጇ ይዛለች። ብልጭታው እንዳያገኛት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጠበቀችው። እሱ ቆሞ ቀረ።

«በይድ እንጂ» አለችው።

በየደ።