የአስማረ አገልግል

«እዚህ ላይ ይሁን» አለ ደጉ፣ ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ መደቡ ላይ እያጋደመ። «አፈሙዙን ወደ በሩ አድርገን። የገባ ሁሉ ይየው።»

ምንሽሩ የወንድሙ የአስማረ አልነበረም። አስማረ በዕድሜው አንዴ ነው የተኮሰ፤ እሱንም ለሰርግ፣ እሱንም ዓይኑን ጨፍኖ። ጠመንጃው የጭቃ ሹሙ ነው፤ ደጉ ለምኖ ተውሶ ያመጣው ነው። ነገ ሰልስት ነው። በአገሩ ደንብ በሰልስት የሟች ዕቃ ይወጣል። ጠመንጃው፣ ጋሻው፣ ኮርቻው መደብ ላይ ይደረደራል፤ አልቃሽ አንድ በአንድ እያነሳች ትገጥምበታለች፣ ለቀስተኛም እያየ ያነባል። አስማረ ጠመንጃም፣ ጋሻም፣ ኮርቻም የለውም።

ሚስቱ ማሬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ባሏን ከቀበረች ጀምሮ አንድ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ ይህን አይተው ንፍሮ እየቆረጠሙ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች፤ የሚሉትን ይበሉ ብላ ትታቸዋለች።

«ጋሼ ደጉ፣ የሰው ዕቃ ነው እኮ» አለች።

«የሰው መሆኑን ማን ያውቃል?»

«ጭቃ ሹሙ ያውቃሉ።»

«እሳቸውማ ዝም ይላሉ። ተይ ማሬ፣ ነገ ከስማዳ አጎቶቼ ይመጣሉ፣ ከእስቴ አማቾች ይመጣሉ። አስማረ ምን ነበር ይበሉ? ባዶ መደብ ላይ ይለቀስ?»

ማሬ አስማረ ምን እንደነበር ሃያ ዓመት አብራው ኖራም አንድ ቃል አላገኘችለትም።

በልጅነቱ ቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ ሊማር ገብቶ ነበር። መሪጌታው ሲያዜሙ ጓደኞቹ ዜማውን ይቀበላሉ፤ እሱ ከፊደሉ ራስ ላይ የተቀመጡትን ጥቃቅን ምልክቶች ያያል። አንዲት ጭረት ያን የሚያህል ሊቅ ድምፁን እንዲያነሳ ታደርገዋለች ብሎ ሲገረም፣ ዜማው ሳይያዝለት ሦስት ዓመት አለፈ። ተመልሶ አራሽ ሆነ። አራሽም ከተባለ ነው፤ ሞፈሩን ይዞ የሚያየው ትልሙን ሳይሆን በበሬው ታፋ ላይ ያለውን የመተኮሻ ጠባሳ ነው።

ዓይኑ የገባውን ሁሉ አገልግል ውስጥ ያጠራቅማል። አንበሳ ያለበት የክብሪት ቀፎ፣ ጎንደር ወርዶ ያመጣው የሳሙና ወረቀት፣ የቆቅ ላባ፣ ከብራና መጽሐፍ የቀዳው የሐረግ ጌጥ፣ ከአሮጊቶች አንገት ላይ እያየ ብራና ቁራጭ ላይ የሣለው ንቅሳት፣ የቀለም ክር። ለምንድን ነው ሲባል «ይጠቅማል» ይላል። ማሬ ግን አገልግል አጥታ ዘመድ ቤት ምግብ በእንቅብ ይዛ ሄዳለች። ያን ቀን ያፈረችውን አትረሳውም።

ከሰዓት በኋላ አልቃሿ እትዬ ፋንቱ መጡ። ለነገ ግጥም ሊያሰናዱ ነው።

«እስቲ ልጄ፣ ምን ልበል? አራሽ ልበል?»

«አራሽስ አይበሉት፤ ጎረቤት ይሰማል።»

«ደብተራ ልበል?»

«ድጓውን ጀምሮ ትቶታል።»

«ታዲያ ምን ይሠራ ነበር?»

ማሬ እንደሚሆን እንደሚሆን አድርጋ ነገረቻቸው። ካሣነሽ የምትባል ሴት አርብ ገበያ አረቄ ትሸጣለች። አረቄዋ ንጹሕ ነው፤ ግን ገበያው ላይ ሃያ ሴት ጠርሙስ ደርድራለች፣ ጠርሙስ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። አስማረ አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ክርስትና ሲነሳ ቆሞ አየ። ቄሱ የማተቡን ክር ከሕፃኑ አንገት ሲያስሩ ዓይኑ እዚያው ቀረ። በሳምንቱ የካሣነሽን ጠርሙሶች አንገት በቀይ ክር አሰረላት። «ውሃ ያልነካው መሆኑ ይታወቅ» አላት። ቄሱ ሰምተው ተቆጡት። ገበያተኛው ግን ከዚያ ወዲህ «ባለ ቀይ ክሩን ስጡኝ» ማለት ጀመረ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንዱ ነጋዴ ፍየል እየጎተተ መጣ። አረቄው ግማሹ ውሃ ነው። ለኔም ቀይ ክር እሰርልኝ አለው። አስማረ ፍየሏን ከነገመዷ መለሳት። ‹ውስጡ ያልሆነውን ምልክት ካሰርሁበት ነገ የካሣነሽንም የሚያምን የለም› አለው።»

ያን ቀን እሷ ደግሞ «ምልክት አይበላ፤ ሥራ ፈት» ብላው ነበር። ይህን ለፋንቱ አልነገረችም። ደረቷ ላይ ግን ተቀምጧል።

ፋንቱ አሰቡ፣ አሰቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ለግጥም አይመችም፣ ልጄ። ለምንሽሩ ግን ሞልቶኛል። እስካሁን የገጠምሁላቸው ሁሉ ምንሽር ነበራቸው።»

በማግስቱ ለቀስተኛው ሳይሰበሰብ ማሬ ተነሳች። ምንሽሩን ከመደቡ አንስታ ጓዳ በር አስደገፈችው። አገልግሉን አውርዳ ክዳኑን ከፍታ ምንሽሩ በነበረበት አኖረችው። ደጉ ሲገባ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ወንድሜን ልታዋርጅው ነው?»

«ውስጡ ያልሆነውን ምልክት አያስርም ነበር፣ ጋሼ። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ እኔ የሰው ምልክት ልሰርበት?»

«የሴት ኮተት ነው ይህ!»

«ለአንቱም ገብስ ምልክት መርጦልዎት ነበር። የጅራፍዎን ጠፍር። ‹የደጉ ጅራፍ ሲጮህ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የገብሱ ስልቻ አፍ በዚያ ይታሰር› ይል ነበር። አንቱ ‹ገብስ ገብስ ነው› አሉት።»

ደጉ ወጥቶ ከግቢው አጥር ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

ቀኑ አርብ ነውና ብዙ ሰው ገበያ ውሎ ይቀራል ተብሎ ነበር፤ ቤቱ ግን ሞላ። የስማዳው አጎት መደቡን አዩ፣ ጎንበስ ብለው የክብሪቱን ቀፎ አዩ። «ምንድር ነው ይህ? አስማት ነው?» አሉ። ከሴቶቹ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ፋንቱ አገልግሉን አይተው ምንሽሩን በዓይናቸው ፈለጉ። ማሬ፣ ደጉ ልክ ሳይሆን አልቀረም፣ አዋረድሁት ብላ መሬት መሬት አየች።

ካሣነሽ ያን ጊዜ ነው የገባችው፤ ከገበያ መንገድ ተመልሳ፣ ጠርሙሶቿን በጀርባዋ እንዳዘለች። እጇን አገልግሉ ውስጥ ሰዳ ቀዩን ክር አወጣች።

«ይህቺ የኔ ናት» አለች። «አራት ልጅ ያሳደግሁባት።»

ከበሩ በኩል አንድ ማር ሻጭ «የቆቋ ላባ የኔ ናት፤ የማር ገንቦዬ ላይ የምትሰካዋ» አለ። ካለ በኋላ አፍሮ ጎንበስ አለ።

የስማዳው አጎት ቀና አሉ። «ባለ ቀይ ክሩ አረቄ? እኛ ሰው የምንልክለት? የአስማረ ሥራ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ፋንቱ ለግጥሙ ቆመው ነበር።

«ምንሽርም አልያዘ፣ ጋሻ የለም ቤቱ፣
አርብ ገበያ ሂዱ፣ እዚያ አለ ምልክቱ።»

ቤቱ በለቅሶ ተናጠ። አጎትየው ሳይቀሩ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ማሬ ግን አሁንም እንባ አልመጣላትም።

በአራተኛው ቀን የሩቁ ሁሉ ተሸኘ። ደጉ ምንሽሩን ለባለቤቱ መልሶ፣ ለአርባው የሚሆን ገብስ በአህያ ጭኖ መጣ። ስልቻውን አውርዶ ደጃፉ ላይ አቆመው፤ አልገባም። ጅራፉ ከትከሻው ላይ ነው፤ በክንድ ያህል አጥሯል።

ማሬ የስልቻውን አፍ አየች። በጅራፍ ጠፍር ታስሯል። ደጉ ያሰረው ግን በሬ እንደሚጠመድ ነው፣ ጥብቅ አድርጎ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ቀብሮ።

«እንዲህ ነው ያለው?» አለ ደጉ ወደ አህያው እያየ።

ማሬ በርከክ ብላ ፈታችው። ባሏ እንደሚያደርገው ሁለት ዙር አዙራ አሰረች፣ ጫፉንም ወደ ውጭ ሳበችው።

«ጫፉ መታየት አለበት፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ ግንባሯን ስልቻው ላይ ደፍታ አለቀሰች።